«ተመረቀ» ከየት መጣ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ዲግሪ መቀበል ለምን «መመረቅ» ተባለ?

መልስ፦ «መረቀ» ባረከ ነው፤ ግዕዙም ለዚሁ «ባረከ» ይላል። ነገሩ የአብነት፣ የቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት ነው። ቅኔ ቤት ተማሪው የግዕዙን ግስ አውርዶ፣ አገባቡን አውቆ፣ ቅኔ ሞልቶ ሲቀኝ መምህሩ ይመርቁታል፤ ከዚያ ወዲያ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። ምርቃቱ ፈቃድ ነው ማለት ነው። የዜማው መጽሐፍ ድጓ ግን ሌላ ነው፤ ተማሪው ጋይንት ወዳለችው ቤተልሔም ወርዶ «ያስመሰክራል»፣ ተፈትኖ ብቃቱን ያረጋግጣል። ሌላው የዜማ ትምህርት፣ ዝማሬ መዋሥዕት፣ ደግሞ ማስመስከሪያው ዙር አምባ ገዳም ነው። እነዚህን ከቅኔው ጋር አትደባልቁ። በ1950 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፣ በእኔ ግምት፣ ቃሉ አገር ውስጥ ነበር፤ አዲስ መፍጠር አላስፈለገም። ዩኒቨርሲቲው «አስመረቀ» መባሉንም ልብ በሉ። መራቂው ሌላ ነው፣ እሱ አስመራቂ ነው።

ጥያቄ፦ ከ«ምራቅ» የመጣ ነው ይባላል። ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ ይል የለ?

መልስ፦ የድምፅ መመሳሰል ማስረጃ አይደለም። «ምራቅ» ከግዕዙ «ወረቀ»፣ ተፋ፣ ነው፤ «ም» ባዕድ ፊደል ናት። «መረቀ» ላይ ግን «መ» የግሱ የራሱ ነው፤ «ረ»ም ይጠብቃል።

ሌላ አባል፦ እኛ አገር አያቶቻችን እንትፍ ሳይሉ አይመርቁም! ሥርዓቱ ራሱ ምስክር ነው።

ሌላ አባል፦ ሥርዓት ሌላ፣ ሥርወ ቃል ሌላ። ገበያ ላይ «ትንሽ መርቂልኝ» ስንል ምራቅ ነው እንዴ የምንጠይቀው?

መልስ፦ ደግሜ እላለሁ፣ መመሳሰል ማስረጃ አይደለም። የገበያው ምርቃት ግን ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ የሚጨመር ነው።

ጥያቄ፦ «ምርቃና»ስ?

መልስ፦ ጫት ቤት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ካምፓስን ለምን «ግቢ» እንላለን?

መልስ፦ «ገባ» ከሚለው፤ ቤተ መንግሥትም «ግቢ» ይባላል። ስድስት ኪሎ ደግሞ በ1961 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበርና ስሙ አልከበደውም።

ጥያቄ፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ ቃላት በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ የትኛው ቃል? ቃሉን ጻፍና ና።

ጥያቄ፦ መመረቅ ከምራቅ ነው ወይስ…

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ ለሥራ ማመልከቻ «ተመራቂ» ልበል ወይስ «ምሩቅ»?

መልስ፦ ጋዋኑን ገና ካልለበስሽ «ተመራቂ»፣ ከጨረስሽ «ምሩቅ»። ዕለቱን «ምረቃ» በይው፤ ሰው «ምርቃቴ ቅዳሜ ነው» ቢልም ለጽሑፍ አይመችም። ትምህርት ቤቱን በ«ከ»፣ ሙያውን በ«በ» ጻፊ፦ «ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቄያለሁ»። «ሕግን ተመረቅሁ» የሚል ማመልከቻ ግን እባካችሁ አታስነብቡን።