ህዋስ ይከፈላል፣ ይከፋፈላል ወይስ ይሰነጠቃል?

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ፈተና ላይ አንዱ ተማሪ «ህዋስ ይከፈላል»፣ ሌላው «ይከፋፈላል»፣ ሌላው ደግሞ «ይሰነጠቃል» ብሎ ይጽፋል። «ጂኑ ህዋሱን ያስከፍለዋል» ያለም አለ። የቱን ልቀበል?

መልስ፦ «ይሰነጠቃል»ን ይተዉት። የሚሰነጠቀው ደረቅ ነገር ነው። እናንተ ሰፈር አዲስ የተመረገ የጭቃ ግድግዳ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ህዋስ ግን ለስላሳ ነው። የሰው ህዋስ ሲከፈል መጀመሪያ 46ቱ ክሮሞሶሞች (ጂኖቹን የያዙት ክሮች) ይባዛሉ፤ ቅጂዎቹም ወደ ሁለት ጫፍ ይጎተታሉ። ከዚያ ከሽፋኑ ሥር፣ መሃሉን ዞሮ፣ አክቲንና ማዮሲን ከሚባሉ ፕሮቲኖች ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ እንደ መቀነት እየጠበቀ ሲሄድ የህዋሱ ወገብ ይሰረጉዳል፤ በመጨረሻም ሁለት ይሆናል። «ይሰረጉዳል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ካለ ነገሩ በደንብ ገብቶታል ማለት ነው። እንደ ሽንኩርት ሥር ላለ የዕፅዋት ህዋስ ግን ይህ ቃል አይሆንም። የዕፅዋት ህዋስ ጠንካራ ግድግዳ ስላለው አይሰረጉድም፤ መሃሉ ላይ አዲስ ግድግዳ ጀምሮ ወደ ዳር እየገነባ ይለያያል።

«ይከፈላል» እና «ይከፋፈላል» ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ቦታቸው ግን ይለያያል። አንዱ ህዋስ አንዴ ለሁለት ሲሆን ይከፈላል። ብዙ ህዋሶች ደጋግመው ሲያደርጉት እየተከፋፈሉ ይበዛሉ። «ለሁለት» የምትለዋን ቃል ባይዘሏት እመርጣለሁ። ብቻውን የቆመ «ይከፈላል» ደመወዝም ይሆናል።

«ያስከፍለዋል» የሚለው ችግሩ እዚሁ ላይ ነው፤ የሚሰማው ታሪፍ ነው። ነገር ግን ከቃሉ የበለጠ ያሳሰበኝ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው። ጂን በራሱ አይከፍልም፤ የፕሮቲን መመሪያ ይይዛል። የህዋስ ተመራማሪው ፖል ነርስ እርሾ ላይ ያጠናው ሲዲሲ2 የሚባለው ጂን ጥሩ ምሳሌ ነው። ከእሱ የሚሠራው ፕሮቲን ሳይክሊን ከሚባል ሌላ ፕሮቲን ጋር ሲጣመር ህዋሱን ወደ ክፍፍል ያስገባዋል። የሰው ህዋስም አቻው አለው። ነርስ፣ ሊላንድ ሃርትዌልና ቲም ሀንት በዚህ ሥራ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

እናም «በጂኑ መመሪያ የተሠራው ፕሮቲን ህዋሱ ለሁለት እንዲከፈል ያደርጋል» ብለው ያርሙለት። «ያስከፍለዋል» ላለው ልጅ ግን ግማሽ ነጥብ ይስጡት፤ ከክፍፍሉ ጀርባ ጂን እንዳለ አውቋል።