ይቅርብዎ ያልኳቸው ቀን

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ወጣት ጠጋ አለኝ። «ጋሼ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ አንድ ሬስቶራንት ከነሕንጻው ይሸጣል። እንግዛው ወይስ ሌላ ቦታ እንከራይ?» ደላላው «ሰፈሩ እየተለወጠ ነው» ብሎታል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ፈካ። የኔን ሆድ ግን ባር ባር አለው።

እዚህ ዋሽንግተን ብዙ ዓመት የሂሳብ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ደንበኞቼ የምግብ ቤት ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ የሐበሻ ቤት የሚባለው አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው መንገድ ላይ ነበር። እዚያ ኪራይ ሲወደድ ብዙዎቹ ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛው መንገድ ወረዱ። ያኔ ዩ ስትሪት ዛሬ የምታውቁት አይደለም። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሣው ረብሻ ተቃጥሏል። ቀጥሎ ለሜትሮ ባቡር ተብሎ ለዓመታት ተቆፈረ። ጣቢያው በ1991 ተከፈተ፣ ሰው ግን ቶሎ አልመጣም። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ጳጉሜን ከረሳኋት ቆየሁ።)

እትዬ፣ ስማቸው ይቆይ፣ 9ኛው መንገድ ላይ ጠባብ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ተከራይተው ይሠሩ ነበር። በ1993 ባለቤቱ ሽማግሌ ቤቱን ሊሸጥ ፈለገና መጀመሪያ እሳቸውን ጠየቀ። ሰኞ ዝግ ናቸውና ሰኞ ጧት ቢሮዬ መጡ። ፌስታል ይዘዋል። ልብሳቸው ቁሌት ቁሌት ይሸታል። ከፌስታሉ የባንክ ደብተርና አንድ የተማሪ ደብተር አወጡ። የተማሪ ደብተሩ ላይ ማን ስንት እንደሚያበድራቸው በእጃቸው ጽፈዋል፦ የክርስትና ልጃቸው 2,000፣ አንድ የታክሲ ሹፌር 500፣ የእቁብ ዕጣ 6,000። አንዱ ስም ተሰርዞ ከጎኑ «አሞታል» ተብሏል።

እኔ ማሽኔን ሳብኩ። ወለዱን፣ ጣሪያውን፣ ያረጀውን ማሞቂያ፣ ኢንሹራንሱን ደመርኩ። በወር ከኪራዩ 400 ዶላር ይበልጣል። ወረቀቱን ቀድጄ በቀይ አከበብኩላቸው። በነዚያ ዓመታት ከተማዋ ውስጥ በዓመት ከ400 በላይ ሰው ይገደል ነበር፤ እሱንም ነገርኳቸው። «እትዬ፣ ይቅርብዎ።» ትንሽ ዝም አሉ። «አንተ ካልክ» አሉና ደብተራቸውን አጥፈው ፌስታላቸው ውስጥ መለሱ።

የሚያንገበግበኝ ሂሳቡ ልክ መሆኑ ነው። አንዲት ሳንቲም አልሳትኩም።

ከዚያ በኋላ እትዬ የጭስ መሳቢያውን አስተከሉ። የቅባት ማጣሪያውን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የመብራት መስመሩን በራሳቸው ገንዘብ አሠሩ። ይህ ሁሉ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ነው፤ ተከራይ ሲወጣ ነቅሎ አይሄድም። በ2003 ትልቁ የስብሰባ ማዕከል ከእሳቸው በታች፣ በእግር በሚደረስ ርቀት ተከፈተ፤ ሰፈሩም ተፈላጊ ሆነ። ውል ሲታደስ አዲሱ ባለቤት ትሪፕል ኔት አደረገው። የንብረት ግብሩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ጥገናውም በተከራይ ማለት ነው። ስለዚህ የቤቱ ግምት በወጣ ቁጥር ግብሩን የሚከፍሉት እሳቸው ሆኑ። ቤቱን ሰው ያወቀው በእሳቸው ዶሮ ወጥ ነው። በዚያው ዶሮ ወጥ ተቀጡበት።

ደንበኞቻቸውስ? የታክሲ ሹፌሮች ነበሩ። ያኔ ታክሲ ሜትር የለውም፤ ሒሳብ በዞን ነው። እኔም መጀመሪያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ፣ የዞኑን ካርታ በሕልሜ ሁሉ አየው ነበር። ሹፌሮቹ በር ላይ አቁመው በልተው ይሄዱ ነበር። ሰፈሩ ሲያምር መጀመሪያ የጠፋው መኪና ማቆሚያ ነው። አዲሶቹ ነዋሪዎች እንጀራ ሳይለምዱ የድሮዎቹ ደንበኞች ቀሩ። ደላላው «እየተለወጠ ነው» ሲል ይህን መሃሉን አይነግራችሁም።

እትዬ በ2009 ዘግተው ከከተማዋ ውጭ ወዳለው ሲልቨር ስፕሪንግ ሄዱ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። በጾም በያይነቱ ይልኩልኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የዛሬ ልጆች አትቀየሙኝ፤ ውል ሳታነቡ ሎጎ ታሠራላችሁ። ቤቱን ማስመርመር፣ ፈቃዱን ማየት፣ እሱን ታውቁታላችሁ። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ይህች ከተማ የመኖሪያ ቤት ተከራይ ቅድሚያ እንዲገዛ ከ1980 ጀምሮ ሕግ አላት፤ ዛሬ ሁሉንም መኖሪያ ባይሸፍንም። የሱቅ ተከራይን አይነካም። ስለዚህ «ባለቤቱ ቢሸጥ ቅድሚያ ለእኔ» የሚለው ውላችሁ ላይ በጽሑፍ ከሌለ፣ የለም። ለመግዛትም 504 የሚባለው የመንግሥት ብድር አለ፦ ብዙ ጊዜ 50 በመቶ ከባንክ፣ 40 በመንግሥት ዋስትና፣ 10 ከራስ። አዲስ ሥራ ከሆነ ከራስ 15 ይጠይቃሉ።

ታዲያ ግዙ ማለቴ ነው? አይደለም። በ2008 ቀውስ የገዙትን ለባንክ ያስረከቡ ሰዎች ፋይልም እኔው ጋ ነበር። እነሱንም «ግዙ» ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ በእትዬ ጸጸት። ሎጎውንም ቢሆን ተናገርኩ እንጂ የእህቴን ልጅ ካፌ የሚያሞላው ኢንስታግራሙ ነው።

ባለፈው ወር በ9ኛው መንገድ አለፍኩ። ቤቱ መጠጥ ቤት ሆኗል። እትዬ ያስተከሉት የጭስ መሳቢያ ቱቦ ግን ጣሪያው ላይ እንዳለ ነው።

አንተ ልጅ፣ ቅዳሜ ጧት ያን ቤት አብረን እንየው። የሻጩን የግብር ደረሰኝ የአምስት ዓመት ጠይቀህ ጠብቀኝ። መሰላልም ፈልግ፤ ጣሪያው ላይ እወጣለሁ።