«ያስተማርንሽ ሸክላው ላይ ተመልሰሽ እንድትቀመጪ ነው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። ያደግሽው ጎንደር፣ ወለቃ ነው። እናትሽ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ሙያውን በልጅነታቸው ያስተማሯቸው ቤተ እስራኤል ጎረቤታቸው ነበሩ። አንቺ በአካውንቲንግ በጥሩ ውጤት ተመርቀሽ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልገሽ አላገኘሽም። አሁን አዲስ አበባ ያሉት አጎትሽ ባንክ ሊያስገቡሽ ሰው አናግረዋል። አንቺ በቅርስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ብትጀምሪ ደስ ይልሻል። የእናትሽ ማኅበር ደግሞ በትንሽ ደመወዝ ሒሳብ እንድትይዢላቸውና ገበያ እንድታፈላልጊላቸው ጠይቆሻል፤ ልብሽም ወደዚያ አዘንብሏል። ይህን ስትነግሪያቸው አጎትሽ «ያስተማርንሽ ሸክላው ላይ ተመልሰሽ እንድትቀመጪ ነው?» አሉሽ። እናትሽም አልቅሰው «የኔ ይብቃ» አሉ። «ማን ያገባሻል» ያሉሽም አሉ።

ስለ አጎትሽ ጥያቄ እንነጋገር። የቀረው ከዚህ ይቀልላል።

አባቴ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ሸማኔ ነበር። ጥምቀት ሲቃረብ እኛ ቤት እንቅልፍ አልነበረም፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ታቦት የሚያጅቡበትን ነጠላ የሚሠራው እሱ፣ ሙስሊሙ ሸማኔ ነበር። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ሲልክ የሚሰማው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዶርም ውስጥ የአባቴን ሥራ ሲጠይቁኝ ግን «ነጋዴ ነው» አልኩ። እስክመረቅ ድረስ አባቴን ነጋዴ አድርጌ ኖርኩ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል ሠራሁ። አባቴ ሲሞት መወርወሪያውን የሚያነሳ ከመካከላችን አልነበረም፤ እኔ ክር ማዳወር እንኳ አልችልም ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ ወደመመርመር የዞርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ደብዳቤሽ ለምን እንደነካኝ ይገባሻል።

ይህ ነውር ከሰማይ አልወረደም። ሰዎች ያመጡት ነው። በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ጎንደር ላይ በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። የተለዩት እነማን እንደነበሩ አስቢ። ከሸማኔው ብዙው ሙስሊም ነበር። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ግንበኞቻቸውና አናጢዎቻቸውም በነገሥታቱ ሕንጻዎች ላይ መሥራታቸውን ታሪክ አጥኚዎች ይጽፋሉ። ከተማዋ ማረሻቸውን፣ እንስራቸውንና ሸማቸውን ስትፈልግ ኖራ ሰዎቹን ግን ጠይብና ቡዳ አለቻቸው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ ያስነገሩት ነገሩ ሥር ስለሰደደ ነው። ቤተ እስራኤላውያኑ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሥራው እንደ እናትሽ ባሉ ጎረቤቶች እጅ ቀረ፤ ስድቡም አብሮ ቀረ። አጎትሽ ዛሬ የሚደግሙት ያንን የድሮ ንቀት ነው። ከየት እንደመጣ ስለማያውቁት የራሳቸው ሐሳብ ይመስላቸዋል።

አጎትሽ ክፉ ሰው አይመስሉኝም፤ ተሳስተዋል ግን። ደብተርሽም ዩኒፎርምሽም የተገዛው በጀበና ነው፤ እሳቸው ከወለቃ ወጥተው አዲስ አበባ ሲደርሱም የመጀመሪያው መሳፈሪያ ከምን እንደተገኘ እናትሽን ብትጠይቂ አይከፋም። እናትሽን በተመለከተ ደግሞ «የኔ ይብቃ» ያሉት ሸክላውን ጠልተው አይመስለኝም። የሰለቻቸው ጭሱና የወገብ ሕመሙ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ነጋዴዋ በግማሽ ዋጋ ስትወስድባቸው የሚመልሱት ማጣታቸው ነው። ወገባቸውን ማዳን አትችዪ ይሆናል። ዋጋው ግን ያንቺ ሙያ ነው።

አንድ ጊዜ የሸክላ ሠሪዎች ማኅበር ሒሳብ ልመረምር ሄድኩ። ደረሰኙ ሁሉ በአንድ ፌስታል ታጭቋል። አጠገቤ አንዲት እናት ጀበና በለስላሳ ጠጠር እያሹ ያሳምራሉ። «የአንዱ ወጪ ስንት ነው?» አልኳቸው። «ምን ወጪ አለው፣ አፈሩ የእግዜር ነው» አሉኝ። አፈሩ ግን ተቆፍሮ በጀርባ መጥቷል፤ ተፈጭቷል፣ ተነፍቷል፣ የተወቀጠ ገል ተጨምሮበት ተቦክቷል። ቀናት ወስዶ በጥላ ደርቋል። የተቃጠለበት ኩበትና ቅጠልም በነፃ አልመጣም። ከአሥር ጀበና ሁለቱ እሳት ላይ ቢሰነጠቁ ስምንቱ የአሥሩን ልፋት በሚመልስ ዋጋ ሊሸጡ ይገባል። እሳቸው ግን በየሳምንቱ እየከሰሩ ያተረፉ ይመስላቸው ነበር። ይህን በወረቀት ላይ ለማሳየት ሁለተኛ ዲግሪ አይጠይቅም፤ የተማርሽው ኮስት አካውንቲንግ ይበቃል።

ማኅበሩን ከያዝሽ ለቱሪስት ብቻ እንዳታስቢ። የፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ጥምቀትም በ2012 ዓ.ም. ተመዘገበ። ይህ ለከተማችን ክብርም ገቢም ነው። በኮቪድ ጊዜ፣ ቀጥሎም በክልሉ በመጣው ግጭት እንግዳ ሲጠፋ ግን ከወለቃ መንገድ ዳር ትንንሽ ምስል የሚሸጡት እናቶች ምን እንደሆኑ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ጀበና የሌለው ቤት የለም፤ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላው ልጅም ትገዛለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሳይቀር ላዩ ሸክላ ነው። የምጣድ ሠሪዎቹን፣ የካፌዎቹንና የሆቴሎቹን በር አንኳኪ። እንግዳው ሲመለስ ትርፍ ይሆናል፤ ባይመለስም ቤታችሁ እሳት አይጠፋም። የከተማዋ ቅርስ ወለቃን የሚጠቅመው እንዲህ ገንዘቡ እናትሽ መቀነት ሲደርስ ነው እንጂ ግድግዳው ስላማረ ብቻ አይመስለኝም።

ሁለተኛ ዲግሪውን አሁን አትጀምሪ። ትምህርቱን ንቄ አይደለም። በጣሊያን ጊዜ ግንቦቹ ሲጠገኑ በኖራ ፈንታ ሲሚንቶና ኮንክሪት ገባባቸው፤ ኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራው መመለስ ነበረባቸው። ዕቃውን የማያውቅ ሰው ቅርስ ሲይዝ እንዲህ ይሆናል። ሁለት ዓመት ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ሠርተሽ ክፍል ብትገቢ መምህሮችሽም ካንቺ ይማራሉ።

የባንኩ ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዝገቢ፣ ተፈተኚ። መንገድ ይከፍታል ለተባለው ሰው ግን አንድ ብር እንዳይከፈልልሽ።

«ማን ያገባሻል» ላሉሽ፦ በእናትሽ የሚያፍር ሰው ከሠርጉ በፊት ቢታወቅ ላንቺ ጥሩ ነው።

ማኅበሩ ጋ ከመግባትሽ በፊት ደመወዝሽ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ የእናትሽ ልጅ ስለሆንሽ በነፃ እንድትሠሪ የሚጠብቅ ይኖራል። ሒሳብ ያዥ ከሆንሽ ገንዘብ ያዥ ሌላ ሰው ይሁን። ሁለቱን አንድ እጅ ሲይዛቸው ስንት ደህና ማኅበር በሐሜት ሲፈርስ አይቻለሁ፤ የሠራተኛ ልጅ ላይ ደግሞ ሐሜት ቶሎ ይጣበቃል።

ለአጎትሽ አሁን መልስ አትስጪ። መጪው ቅዳሜ ከእናትሽ ጋር ገበያ ውረጂ። ባለ መስመር ደብተር ያዢ፤ ስንት እንደተሸከማችሁ፣ ስንቱ እንደተሸጠ፣ በስንት፣ ለማን፣ ለመኪና ስንት እንደከፈላችሁ ጻፊ። አራት ቅዳሜ እንዲሁ አድርጊና ደብተሩን ለአጎትሽም ለእኔም አሳዪን። እሳት ላይ የተሰነጠቁትንም መዝግቢ፤ እናትሽ እነሱን አይቆጥሯቸውም።