ዚንክ፣ ቀይ ድንጋይና የ38 በመቶ ወረቀት

ባለፈው ስለ ዚንክ ፍለጋ ትንሽ ከጻፍኩ ወዲህ ስልኬ በቀይ ድንጋይ ፎቶ ተጥለቅልቋል። ሁሉንም አልመልስም፤ ግማሹ ያው አንድ ጥያቄ ነው። ለየት ያሉትን ልሞክር።

ከሐሙሲት አንዱ ወንዝ ዳር ያነሳውን ቀይ ድንጋይ ልኮ «ዚንክ ነው አይደል?» ይላል።

አይደለም። ብረት ያለው ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ፣ ሲበሰብስ ይቀላል። ሌላ ጊዜ ድንጋዩን ስበሩና ውስጡን አንሱልኝ።

ከዘጌ፦ ጣና ሥር ዚንክ ይኖር ይሆን?

ሐይቁ ቢጠልቅ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ችግሩ ውኃው አይደለም። ከሥሩ ያለው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ጢስ ዓባይ የሚወርድበት ዓይነት ወጣት ባዛልት ተደርቦበታል። በአካባቢያችን ዚንክ የሚፈለግባቸው አለቶች ከዚህ በብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመት ይበልጣሉ። እነሱን በዓይን ለማየት ወደ ምዕራብ፣ ወደ መተከል ቆላ መውረድ፣ ወይም ወደ ሰሜን ትግራይ መሄድ ነው። ጣና ሥር ካለም እዚያው ይቀመጥ፤ ዓሣው ይበቃናል።

አንድ የጂኦሎጂ ተማሪ ረጅም ደብዳቤ ጽፏል። ባጭሩ፦ መንገድ እንኳ በሌለበት ቦታ ማዕድን እንዴት ይገኛል? ዝም ብሎ መዞር ነው ወይ?

መዞርማ አለበት። ግን ዓይንህ ውኃው ላይ ይሁን። አላስካ ውስጥ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ፣ ሬድ ዶግ የሚባል የዚንክ ማውጫ አለ፤ በዓለም ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ቦብ ቤከር የሚባል የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ከላይ ሲያልፍ ጅረቶቹ ቀይና ብርቱካናማ መሆናቸውን አየ። ስሙም አብሮት ይበር ከነበረው ቀይ ውሻው የመጣ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባለሙያ ከጅረቱ ደለል ወስዶ አስመረመረና ከዚንክ ጋር የማይጠፋው ብረት፣ እርሳስ (ሊድ)፣ በብዛት እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣ ሪፖርት ተገለጸ። ማውጫው ሥራ የጀመረው ግን በ1989 ነው። አስበው፣ ሃያ ዓመት ገደማ! ጅረቱ ደግሞ ሰው ሳይነካው በፊትም ብረታ ብረት ስለበዛበት ዓሣ አይኖርበትም ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ሁለት ጅረቶች ከመገናኘታቸው በፊት ከየአንዳንዳቸው ደለል ታነሳለህ። በወንፊት ነፍተህ ደቃቁን ከረጢት ውስጥ ታስራለህ፣ ቁጥር ትጽፍበታለህ። ላብራቶሪው የትኛው ላይ ዚንክ እንዳለ ሲነግርህ ያንን ጅረት ይዘህ ሽቅብ ትወጣለህ፤ እንደገና ናሙና፣ እንደገና ሽቅብ። ዚንኩ ድንገት የጠፋበት ቦታ ከደረስክ ምንጩን አልፈኸዋል፤ ተመለስ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ከማዕድኑ አናት ላይ የሚገኘው የዛገ ድንጋይ፣ በእንግሊዝኛው «ጎሳን» (gossan) የምንለው፣ ዚንክ ጨርሶ ላይኖረው ይችላል። አብሮት የሚገኘው ፒራይት፣ የብረትና የድኝ ማዕድን፣ አየርና ዝናብ ሲያገኘው አሲድ ይፈጥራል፤ ዚንክ ደግሞ አሲድ ባለው ውኃ በቀላሉ ሟሙቶ ይታጠባል። እርሳስ ግን ብዙም አይንቀሳቀስም፣ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አናቱ ላይ እርሳስ አግኝተህ ዚንክ ብታጣ ተስፋ አትቁረጥ። ኤርትራ ውስጥ ያለው ቢሻ የሚባል ማውጫ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከላይኛው የዛገ ክፍል ወርቅ ማምረት ጀመሩ፣ ቀጥሎ መዳብ መጣ፣ ከሥር ያለው ዚንክ ተራው የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ሌላም ተንኮል አለው። ዋናው የዚንክ ማዕድን ስፋለራይት ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፤ በኤሌክትሪክ የሚፈልገው መሣሪያ የሚያያቸው አብረውት ያሉትን ፒራይትንና የእርሳሱን ማዕድን ጋሌናን ነው። ለዚህ ነው የስበት ልኬት የሚጨመረው፤ ከባድ አለት ስበቱ ይለያል። ከዚያ ወዲያ መቆፈር ነው። ኮሩ፣ ማለትም ከጉድጓዱ የወጣው ዘንግ መሳይ አለት፣ ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ሲመጣ ሙጫ ሙጫ የሚል ቡናማ ነገር ፈልግ። ቢላ ይጭረዋል። ዱቄቱ ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ስታደርግበት የተበላሸ እንቁላል ከሸተተህ አገኘኸው።

አንድ የአባይ ማዶ ነጋዴ፦ የአጎታቸው ልጅ ቆላ ውስጥ ዚንክ አገኘሁ ብሏቸዋል፣ ላብራቶሪ «38 በመቶ» ያለበት ወረቀትም አሳይቷቸዋል፤ ቤት ሸጠው ሊገቡበት ነው።

ጋሼ፣ ቤትዎን አይሽጡ።

ወረቀቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ስፋለራይት 67 በመቶ ገደማ ዚንክ ነው፤ 38 በመቶ ማለት ከዚያች ድንጋይ ከግማሽ በላይ ስፋለራይት ነው ማለት ነው። ጥያቄው ድንጋይዋን ማን መረጣት የሚለው ነው። ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያነሳው የሚያብረቀርቀውን ነው፤ መናኛውን ማን ያነሳል? እርስዎ ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ የተዘገነ ማኛ ጤፍ አይተው መጋዘን ሙሉ ይገዛሉ? በዓለም ላይ ብዙዎቹ የዚንክ ማውጫዎች የሚሠሩት ከ10 በመቶ በታች ዚንክ ባለው አለት ነው። ቁም ነገሩ ያ 6 ወይም 8 በመቶ ስንት ሜትር ይወፍራል፣ ስንት ሜትር ይረዝማል፣ ምን ያህል ይጠልቃል ነው። ይህን የሚመልሰው ቁፋሮ ብቻ ነው፤ ቁፋሮ ደግሞ ውድ ነው።

ተገኘ እንበል። ወርቅ በኪስ ይወጣል፤ ዚንክ መንገድ ይፈልጋል። አለቱ ተፈጭቶና ተጣርቶ የሚሸጠው ዱቄት እንኳ ዚንኩ ግማሽ ያህል ነው፤ የቀረው ባብዛኛው ድኝና ብረት ነው። ለሁለት መኪና ኪራይ ከፍለው የአንድ መኪና ዚንክ ይጭናሉ ማለት ነው። ለሬድ ዶግ እስከ ባሕሩ 84 ኪሎ ሜትር መንገድ ተሠርቶለታል፤ ባሕሩ በበረዶ ስለሚዘጋ መርከብ የሚጫነው በዓመት 100 ቀን ገደማ ብቻ ነው፣ በቀረው ጊዜ ያመረቱትን መጋዘን ውስጥ ይከምራሉ። ይህን ሁሉ የቻለው ማዕድኑ እጅግ ሀብታም ስለሆነ ነው። የአጎትዎ ልጅ ስለ መንገድ ምን አለ? ምንም፣ አይደል?

«መሬቱ የአያቶቻችን ነው» የሚለውም አይሠራም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ፍለጋም በፈቃድ ነው። አሁን የምነግርዎትን ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎት። አንድ ብር ሳይከፍሉ ማዕድን ቢሮ ይሂዱና ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ በዓይንዎ ይዩ። ከዚያ ከሻጩ ጋር ዝምድናም ጥቅምም የሌለው ጂኦሎጂስት ቦታው ድረስ ይላኩ፤ ናሙናውን ራሱ ያንሳ፣ ራሱ ላብራቶሪ ያድርስ። የአጎት ልጅ ከተቀየመ ይቀየም።

የቤቴ ቆርቆሮ ዚንክ ነው?

ብረት ነው፤ ላዩ ነው ዚንክ የለበሰው። ከዓለም ዚንክ ግማሽ ያህሉ የሚውለው ለዚሁ ነው። ቆርቆሮው ቢጫር እንኳ ዚንኩ ቀድሞ ይበላል እንጂ ብረቱ ቶሎ አይዝግም።

አንዲት እናት፦ ለልጄ ተቅማጥ ዚንክ ኪኒን ሰጡኝ፤ ያው እናንተ የምትቆፍሩት ነው?

ንጥረ ነገሩ አንድ ነው እህቴ፣ ግን እኔ የድንጋይ ሰው ነኝ። ከኦአርኤስ ጋር የሚሰጥ የታወቀ ሕክምና ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል፣ ተቅማጡ ቢቆምም አይቋረጥም። መጠኑ በዕድሜ ስለሚለያይ ጤና ጣቢያ ያዘዙልሽን ተከተይ። ልጁ ከደከመ ወይም መጠጣት እንቢ ካለ መልስ ከእኔ ሳትጠብቂ ይዘሽው ሂጂ።

ጂኦሎጂስት ለምን ድንጋይ ይልሳል?

ሲረጥብ ቀለሙ ጎልቶ ስለሚታይ። ዚንክ ያለበት ቦታ መርዛማው እርሳስም ስለማይጠፋ ግን እናንተ ውኃ አፍስሱበት።