ጋዙ አላለቀም፣ ፈስሷል፦ ስለ ቪትዝዎ ኤሲ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ጥያቄዎን በአጭሩ ላስታውስ። አዲስ አበባ ውስጥ ሳሉ የቪትዝዎ ኤሲ ደህና ይመስል ነበር፤ ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ ግን መተሐራ አካባቢ ሞቃት አየር መንፋት ጀመረ። ጋዝ አስሞልተው ሦስት ሳምንት ያህል ከሠራ በኋላ ችግሩ ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ ኮምፕሬሰሩ መቀየር አለበት ተብለዋል። «ልቀይር ወይስ እንደገና ጋዝ ላስሞላ?» ብለው ጠይቀዋል። የእኔ መልስ ለጊዜው ሁለቱንም እንዳያደርጉ ነው። መካኒክ አይደለሁም፤ ነገር ግን ለ11 ዓመታት በሥራ ምክንያት በዚሁ መንገድ በኮሮላ ስመላለስ ይኸው ችግር ደጋግሞ ስለገጠመኝ፣ ያየሁትንና ከጥሩ ባለሙያዎች የተማርኩትን እጽፍልዎታለሁ።

የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ጨምቆና አግሎ ከራዲያተሩ ፊት ወዳለው ኮንደንሰር ይልከዋል፤ ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ለውጭ አየር ሲያስረክብ ጋዙ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል፤ ፈሳሹ በጠባቡ ቫልቭ ሲያልፍ ግፊቱ ድንገት ይወርድና ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ እየተነነ የመኪናውን ሙቀት ይወስዳል፤ ከዚያም ተመልሶ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ይገባል። ዑደቱ ዝግ ነው። በብዙ ዓመታት ጥቂት ጥቂት መጉደሉ ያለ ቢሆንም፣ በሦስት ሳምንት የሚጎድል ጋዝ ግን የሚወጣበት ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ሳይገኝ የሚሞላ ጋዝ ገንዘብን ወደ አየር መልቀቅ ነው፤ በዚያ ላይ በብዙ መኪኖች ኤሲ ውስጥ ያለው አር 134ኤ የተባለው ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 ጊዜ በላይ የምድርን ሙቀት የሚያባብስ በመሆኑ ጉዳቱ ከእርስዎ ኪስ አልፎ ይሄዳል።

እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ካስሞላሁ በኋላ ነው። አንድ ጋራዥ በሄድኩ ቁጥር የግፊት መለኪያ ሰዓቱን ሰክተው «ጎድሏል» ይሉኛል፣ ይሞሉልኛል፣ እከፍላለሁ፤ የት እንደሄደ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ጠና ያሉ የኤሲ ባለሙያ ኮፈኑን ከፍተው በባትሪ መብራት ብቻ ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩና በኮንደንሰሩ የታችኛው ጥግ፣ ቱቦው በሚገጠምበት ቦታ ላይ፣ አቧራ የያዘ የዘይት እድፍ አሳዩኝ። ጋዙ የኮምፕሬሰሩን ዘይት ይዞ ስለሚዞር በሚፈስበት ቦታ ሁሉ ዘይቱን ይተዋል፤ አቧራም እዚያው ይጣበቃል። ጥፋቱ የደረቀ ኦሪንግ፣ ማለትም መገጣጠሚያውን የሚያሽግ የጎማ ቀለበት፣ ነበር። ዋጋው ከአንድ ጊዜ የጋዝ ሙሌት በእጅጉ ያነሰ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኤሲው ለአራት ዓመታት ያለ ሙሌት ሠርቷል።

አዲስ አበባ ላይ ደህና መስሎ መተሐራ ላይ የተገለጠበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማ የውጩ አየር 20 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ የደከመ ኤሲም ቢሆን ቀዝቃዛ ይመስላል። ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ሲወርዱና ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ጉድለቱ ይታያል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ኤሲን ለወራት ሳይከፍት መቆየቱ ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘንግ በሚወጣበት ቦታ ያለው ጎማ የሚረጥበው ከጋዙ ጋር በሚዞረው ዘይት ስለሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ሲቀር ይደርቅና ጋዝ ማሳለፍ ይጀምራል። ስለዚህ በክረምትም ቢሆን በሳምንት አንድ ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያህል ይክፈቱት፤ በዝናብ ጊዜ መስታወቱ ላይ የሚይዘውን ጉም በፍጥነት የሚያጠፋውም ይኸው ኤሲ ነው።

አሁን ራስዎ ሊያዩት ወደሚችሉት ልምጣ። ሞተሩን አስነስተው ኤሲውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱና፣ እጅዎንና ልብስዎን ከቺንጋውና ከማራገቢያው አርቀው የኮምፕሬሰሩን ፊት ይመልከቱ። በአብዛኞቹ መኪኖች ፑሌጋው ሁልጊዜ ይዞራል፤ መሃሉ ላይ ያለው ሳህን ግን የሚዞረው ኤሲው ሲከፈትና ሳህኑን ከፑሌጋው ጋር የሚያያይዘው ፍሪሲዮን «ቀጭ» ብሎ ሲይዝ ብቻ ነው። (ፍሪሲዮን የሌላቸው፣ ኮምፕሬሰራቸው ሁልጊዜ የሚዞር አዳዲስ ሞዴሎችም ስላሉ በእነሱ ላይ ይህ ምልክት አይሠራም።) ሳህኑ ካልያዘ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ወይም የፍሪሲዮኑ ጥቅል ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጋዙ ከመጠን በታች ስለወረደ የግፊት ስዊቹ ሆን ብሎ አቋርጦታል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምንዎ ነገር አለ፦ ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ኮምፕሬሰሩን በግድ የሚያስዞር ሰው ካጋጠመዎ ያስቁሙት። ጋዝ ከሌለ ዘይቱም አይዞርም፤ ደህና የነበረው ኮምፕሬሰር በደቂቃዎች ውስጥ ነክሶ ሊቆም ይችላል።

የኮምፕሬሰሩ ሳህን ከያዘና፣ ኤሲው መኪናው ሲሄድ ቀዝቅዞ በትራፊክ መብራት ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ፣ የጋዝን ነገር ለጊዜው ይተዉትና የኮንደንሰሩን ማራገቢያ ይመልከቱ። ቀላል መፈተኛ አለው፦ መኪናው ቆሞ ኤሲው እየሠራ ሳለ ኮንደንሰሩ ላይ ከፊት በኩል ንጹሕ ውኃ ያፍስሱበት። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከውስጥ የሚወጣው አየር ከቀዘቀዘ፣ የጎደለው ጋዝ ሳይሆን ኮንደንሰሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ማራገቢያው አይዞር ይሆናል፣ ወይም የኮንደንሰሩ ክንፎች በጭቃና በነፍሳት ተደፍነው ይሆናል።

ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚገባውና የሚወጣው ቱቦ ኮፈን ውስጥ ጎን ለጎን ይታያሉ። ወፍራሙ ቱቦ በጣም ቀዝቅዞ ውኃ እያላበው ከውስጥ ግን ሞቃት አየር ከወጣ፣ ማቀዝቀዣው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ችግሩ ዳሽቦርዱ ውስጥ ሞቃቱንና ቀዝቃዛውን አየር የምትቀላቅለው ክዳን ላይ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ጉልበት ካጣ ደግሞ ከጓንት ሳጥኑ ጀርባ ያለውን የአየር ፊልተር አውጥተው ይመልከቱ፤ በአቧራማ መንገድ የሚሄድ መኪና ላይ ጥቁር ሆኖ ማግኘት የተለመደ ነው። ግማሽ ሰዓት ቀዝቅዞ፣ ንፋሱ ቀንሶ፣ ጠፍቶ ሲከፈት የሚመለስ ከሆነ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እየያዘ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የባለሙያ ሥራ ቢሆንም፣ ሲሠራ አጠገቡ ቆመው የሚያዩትን ነገር ማወቅ ይጠቅምዎታል። ኤሲው ጠፍቶ ሰዓቱ የሚያሳየው ግፊት የጋዙን መጠን አይናገርም። ሥርዓቱ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው፤ 100 ግራምም ሆነ 400 ግራም ቢኖር ያው ነው። ስለዚህ «ግፊቱ ጥሩ ነው፣ ጋዝ አለው» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ትክክለኛው መንገድ ቀሪውን ጋዝ በማሽን ሰብስቦ፣ ቫኪዩም አድርጎ (ውስጡ የቀረውን አየር በፓምፕ ስቦ አውጥቶ)፣ ኮፈኑ ሥር ያለው ወረቀት የሚያዘውን ግራም በሚዛን መሙላት ነው። ለትናንሽ መኪኖች መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 500 ግራም ስለሆነ 100 ግራም ስሕተት ትልቅ ስሕተት ነው፤ መብዛቱም እንደ ማነሱ ማቀዝቀዝን ይከለክላል።

ስለ ቫኪዩም አንድ የእኛን ከተማ የሚመለከት ነገር ልጨምር። በባሕር ጠለል ላይ የቫኪዩም ሰዓት ወደ 29 ኢንች ሜርኩሪ ይደርሳል፤ በአዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ራሱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥሩ ፓምፕም ቢሆን ከ22 ወይም 23 ብዙ አያልፍም። ይህን የማያውቅ ሰው 22 ሲያይ ደህናውን ፓምፕ ይጠራጠራል። መታየት ያለበት ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሳበ በኋላ ፓምፑ ሲዘጋ መርፌው ባለበት መቆየቱ ነው። መርፌው ተመልሶ ወደ ዜሮ ከሄደ ቀዳዳው አለ፤ ባለበት ቢቆይም ግን ትንሽ ቀዳዳ የለም ማለት አይደለም፤ በቫኪዩም ጊዜ የማይታይ ቀዳዳ በግፊት ጊዜ ይታያል። ለዚህ ነው ናይትሮጅን ሞልቶ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ የሚፈትሽ፣ ወይም በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም የሚጨምር ጋራዥ መፈለግ ያለብዎት። በሙሌት አፎቹ፣ በኦሪንጎቹ፣ ጠጠር በሚመታው የኮንደንሰር ፊትና በኮምፕሬሰሩ ዘንግ ላይ እንዲጀምሩ ይጠይቋቸው።

የመቀጣጠል ባሕርይ ያለው የፍሪጅ ጋዝ በርካሽ እንሙላልዎ ካሉዎ እሺ አይበሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ኮምፕሬሰራችሁ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ስለሆነ የተለየ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዘይት እንደሚፈልግ አስታውሱ፤ የተለመደውን ዘይት የሚጨምር ሰው እንዳይነካው።

ኮምፕሬሰሩን በተመለከተ፣ ጋዙ በሚዛን በትክክል ተሞልቶ ሲሠራ የዝቅተኛው ወገን (ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰው) ግፊት ከሚገባው በላይ፣ የከፍተኛው ወገን (ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው) ደግሞ ከሚገባው በታች ከሆነ፣ ወይም ቱቦው ሲፈታ የብረት ብናኝ ከወጣ፣ መካኒክዎ እውነቱን ነው። ለሦስት ሳምንት በደንብ አቀዝቅዞ የቆመ ኮምፕሬሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጋዝ ያጣ እንጂ የሞተ አይደለም። ነገ ጠዋት ኮፈኑን ከፍተው ሳህኑ መያዝ አለመያዙን፣ የዘይት እድፍም የት እንዳለ ይመልከቱና ያዩትን ይጻፉልኝ፤ ከዚያ ተነስተን እንቀጥላለን።