የመንደር ኳስ ሜዳ የማን ነው?

ጥያቄ

ውድ አዘጋጅ፣ በደምበጫ አቅራቢያ በሚገኝ ትምህርት ቤት የማስተምርና በትርፍ ጊዜዬ የመንደሩን ልጆች ኳስ የማሠለጥን መምህር ነኝ። ታናሽ እህቴ ከምትኖርበት የአየርላንድ ገጠር አንድ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። የጎማ ቦቲ ያጠለቁ አንድ ሽማግሌ ጎማ ባለው ማስመሪያ የሜዳውን መስመር በነጭ ቀለም ያሰምራሉ፤ ከበስተኋላቸው ያለው ግብ ቋሚዎቹ ከአግዳሚው በላይ ወደ ሰማይ ረዝመዋል። ጨዋታው እግር ኳስ ይባል እንጂ በእጅም እንደሚጫወቱት፣ ሜዳውም የመንደሩ ክለብ ንብረት እንደሆነ ነገረችኝ። የእኛ ሜዳ ግን በየክረምቱ እየጠበበ ነው፤ አጎራባቹ ማሳ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየጨመረ ሄዶ ዘንድሮ የማዕዘን ምት የምንመታበት ቦታ ጤፍ በቅሎበታል። ይህ ጨዋታ ምን ዓይነት ነው? አንድ መንደር ሜዳውን የራሱ አድርጎ ሊያቆይ የቻለውስ እንዴት ነው?

መምህሩ፣ ከደምበጫ

መልስ

የተከበሩ መምህር፣ በፎቶግራፉ ላይ ያዩት የጌሊክ እግር ኳስ ሜዳ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ተጫዋቹ ኳሷን በእጁ ይዞ ከአራት እርምጃ በላይ መሄድ አይፈቀድለትም፤ ከዚያ በኋላ ወይ መሬት ላይ ያነጥራታል፣ ወይ ከእጁ ለቅቆ በእግሩ ጫፍ መልሶ ወደ እጁ ያነሣታል፤ ሁለት ጊዜ አከታትሎ ማንጠር ግን ክልክል ነው። ኳሷ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ብትገባ 3 ነጥብ፣ በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ብታልፍ 1 ነጥብ ታስገኛለች፤ ቋሚዎቹ የረዘሙትም ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ደግሞ ከግቡ 40 ሜትር ርቆ ከተሰመረው ቅስት ውጭ ተመትታ በላይ ያለፈች ኳስ 2 ነጥብ ታሰጣለች።

ጨዋታውን የሚያስተዳድረው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር ጥቅምት 23 ቀን 1877 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1884) ተርለስ በተባለች ከተማ በአንድ ሆቴል ውስጥ ተመሠረተ። አገሪቱ ያኔ በእንግሊዝ ሥር ስለነበረች፣ የመሥራቾቹ ሐሳብ የአባቶቻቸው ጨዋታ እንዳይጠፋ ነበር፤ ማኅበሩ ከእኛ የገና ጨዋታ ጋር በጣም የሚቀራረበውን፣ በቆልማማ ዱላ የሚጫወቱትን ኸርሊንግንም አብሮ ይዟል። ሜዳ ለእነዚያ ሰዎች ምን ያህል የከበረ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ቀን ማስታወስ ይበቃል። ኅዳር 12 ቀን 1913 ዓ.ም.፣ በእኛ የሚካኤል ዕለት፣ የደብሊንና የቲፐራሪ ቡድኖች ደብሊን በሚገኘው ክሮክ ፓርክ ሲጫወቱ የእንግሊዝ ታጣቂዎች ገብተው በሕዝቡ ላይ ተኮሱ፤ 14 ሰዎች ሞቱ፣ ከእነርሱም አንዱ ማይክል ሆጋን የተባለው የቲፐራሪ ተጫዋች ነበር። ዛሬ 82,000 ያህል ሰው በሚይዘው በዚያው ስታዲየም አንደኛው የተመልካች ክፍል በስሙ ይጠራል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። የአየርላንድ ክለብ በአብዛኛው የተመሠረተው በአጥቢያ ነው። ልጁ ተወልዶ ባደገበት አጥቢያ ክለብ ይጫወታል፤ በርትቶ ለአውራጃው ቡድን ቢመረጥና ክሮክ ፓርክ ላይ ሰማንያ ሺህ ሰው ቢያየውም፣ በሌላው ሳምንት ተመልሶ ከመንደሩ ልጆች ጋር ይሰለፋል፤ ለመጫወቱም ደመወዝ አይከፈለውም። ክለቡን የሚመሩት በዓመታዊ ጉባኤ የሚመረጡ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ ይህ ከእድራችን አሠራር ብዙም አይርቅም። ሣር ማጨዱን፣ መስመር ማስመሩን፣ አጥር መጠገኑን ነዋሪው በነጻ ይሠራል፤ እነርሱም እንደ እኛ ወንፈል ያለ፣ በቋንቋቸው «ሜሀል» የሚባል የቆየ የመተጋገዝ ልማድ አላቸው። ሽማግሌው ሰውዬም ቅጥረኛ ሳይሆኑ፣ ምናልባት ልጅ ሳሉ እዚያው ሜዳ ላይ የተጫወቱ የክለቡ አባል መሆናቸውን እገምታለሁ።

ሜዳውን ያቆየው ግን ፍቅር ብቻ አይደለም። በማኅበሩ ደንብ መሠረት የክለብ ንብረት በባለአደራዎች ስም ይመዘገባል፤ ስለዚህ ሰብሳቢ ቢለወጥ፣ አባት ቢሞት፣ ወራሽ ቢነሣ መሬቱን ከፍሎ ሊወስድ የሚችል ሰው የለም። እኔ ከሁሉ በላይ የምቀናው በዚህ ነው፤ ምክንያቱም አደራ የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ ሜዳችንን ግን በአደራ አላስቀመጥነውም።

በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ መንደርዎ ሜዳውን ገዝቶ ባለቤት ሊሆን አይችልም። ነገር ግን የገጠር የወል ይዞታ ተለክቶ ይመዘገባል፣ ማረጋገጫም ይሰጠዋል። እርስዎ ኳስና መረብ ለመግዛት ገንዘብ ከማሰባሰብዎ አስቀድሞ፣ ሜዳው በመዝገብ ላይ በምን ስም እንደሰፈረ ከቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ይጠይቁ። ብቻዎን አይሂዱ፤ የእድሩን ሰብሳቢ፣ ሜዳውን በልጅነታቸው የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎችና ራሱን አጎራባቹን ገበሬ ይዘው ይሂዱ። ገበሬውን እንደ ድንበር ገፊ ከከሰሱት ነገሩ ወደ ቂም ይዞራል፤ ልጆቹ ከእርስዎ ጋር የሚጫወቱ ከሆነ ግን ድንጋዩን አብሮዎት ሊተክል ይችላል። ከድንበር ድንጋዩ ቀጥሎ ዙሪያውን ቅንጭብ ትከሉበት፤ ባሕር ዛፍ ግን አይሁን፣ ውሎ አድሮ ሜዳውን ያደርቀዋልና።

መሬቱ መረሬ ከሆነ በሁለቱም ጎን ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል፤ በክረምት ከብት የረገጠው ጭቃ በበጋ ሲደርቅ ኮቴው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ የልጆችን ቁርጭምጭሚት ያጣምማልና።

ልጆችዎ ጨዋታውን መሞከር ቢሹ፣ የጌሊክ ሜዳ ርዝመቱ ከ130 እስከ 145 ሜትር ስለሆነ ሙሉውን አያገኙ ይሆናል፤ ሆኖም በየወገኑ ሰባት ሆነው፣ በግቡ ቋሚዎች ላይ ረዣዥም እንጨት አስረው ባለው ኳስ መጀመር ይችላሉ። የሜዳዎ ድንበር ልኬታ ግን አይደር። ጤፉ እንደታጨደ፣ ትልሙ ገና እየታየ ሳለ ቢለካ ክርክሩ ይቀላል፤ በልግ ጥሎ ሞፈሩ ከተመለሰ ሌላ አንድ ትልም መጨመሩ ነው።