ሦስት መነጽር ያልፈታው ችግር፦ ከደሴ ለመጣ የሙያ ጥያቄ

እህቴ፣ መልእክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ12ኛ ክፍል ውጤትሽ መጥቷል። ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያዘገይና የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ ሕመም) ያለባቸው አያትሽ ዳዊት ሲደግሙ ፊደሉ እየተደራረበባቸው ሦስት መነጽር ተቀይሮላቸዋል፣ አልረዳቸውም። አንቺም «የዓይን ሐኪም ልሁን ወይስ የነርቭ?» ብለሻል።

እኔ መጀመሪያ ኦፕቶሜትሪን እይው እልሻለሁ፤ እይታ የሚለካ፣ መነጽር የሚያዝ ባለሙያ ማለት ነው። ምክንያቴ አያትሽ ናቸው። ማዶ የቆመ ሰው ይለያሉ፣ የሚቸግራቸው መጽሐፉ ላይ ነው ብለሻል። ቅርብ ነገር ስናይ ሁለቱ ዓይኖች ወደ አፍንጫ መጠጋት አለባቸው፤ በፓርኪንሰን ይህ ብዙ ጊዜ ይደክማል። አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሲያነቡ መደራረቡ ከጠፋ፣ ሁለቱ ዓይኖች አልተገናኙም ማለት ነው። ያኔ የሌንስ ቁጥር መጨመር ምንም አይፈይድም፤ ፕሪዝም (ብርሃኑን አጥፎ ሁለቱን ምስል የሚያገናኝ መስታወት) ያለው የንባብ መነጽር ግን ሊያግዝ ይችላል። ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ ማድረጋቸውም ስለሚቀንስ ዓይን ይደርቃል፣ እይታ ይደበዝዛል።

ፓርኪንሰን የሚመስል ሌላ ሕመምም አለ፤ ስቲል፣ ሪቻርድሰንና ኦልሸውስኪ የተባሉ ሐኪሞች በ1964 እ.ኤ.አ. የገለጹት ፕሮግረሲቭ ሱፕራኑክሊየር ፓልሲ። ዓይን ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል። የደሴን ቁልቁለትና የድንጋይ ደረጃ አስቢው! ሰውየው የሚረግጠውን አያይም፣ ይወድቃል። ከላይ ለሩቅ ከታች ለንባብ የተሠራ መነጽር ቢሰጠው የታችኛውን ክፍል ሊጠቀምበት አይችልም። ጣቱን ቀስ አድርጎ ወደ ታች እያወረደ «በዓይንዎ ይከተሉኝ» የሚል ባለሙያ ግን ነገሩን ይጠረጥራል፣ ወደ ነርቭ ሐኪም ይልካል። እንዲህ ያለ ሰው እንድትሆኚ ነው የምመኘው።

ኦፕቶሜትሪ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ይሰጣል። ከቤት መራቅ እንደሚከብድሽ ጽፈሻል፤ እውነት ነው፣ ይከብዳል። ሕክምና ከሆነ ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ደሴ ግቢ አለልሽ፤ ግን ዓይንም ሆነ ነርቭ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ስፔሻሊቲ ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው። ሁለቱን አጣምሮ የሚጠይቅ የሥራ ማስታወቂያ እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ የማዕረጉን ስም ተዪና እጅሽ ላይ የሚቀረውን ችሎታ መዝኚ።

ምርጫሽን ከመሙላትሽ በፊት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሂጂና የዓይን ክፍሉን አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ ለማየት ፈቃድ ጠይቂ። አያትሽንም ለምርመራ ውሰጃቸው። ንባቡ የሚብስባቸውን ሰዓትና መድኃኒት የሚወስዱበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት ጽፈሽ ያዢ፤ ሐኪሙ ይፈልገዋል።